የተሳታፊ ሰባት ባዶ መስመር

"እንዴት ነህ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ቆሞ የሚሰማ ሰው ስንት ነው? እስቲ እናንተው ቁጠሩልኝ። እኔ ከላንቴ ተነስቼ ሲቀላ ገበያ እስክደርስ ድረስ ደህንነቴን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ሙዝ ጫኙ ይጠይቃል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ይጠይቃል፣ መንገድ ዳር የበርበሬ ዳጣ የምትሸጠዋ ሴት ትጠይቃለች። ግን ሁሉም የሚጠይቁኝ እያለፉ ነው። እኔም የምመልሰው እያለፍኩ ነው። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ ጎኔን ሲወጋኝ ባደረ ማግስትም ይህንኑ እላለሁ። አንድ ቀን "ኧረ ደህና አይደለሁም" ብዬ ብመልስ ጠያቂው የሚገባበት ይጠፋዋል። ደግሞስ ምን በደለኝና አስጨንቀዋለሁ? ሰላምታ እኮ እንደ በር ማንኳኳት ነው፤ ሁሉም ያንኳኳል እንጂ ሁሉም ሊገባ አይመጣም።

እኔን ግን አንድ ሰው "እንዴት ነህ?" ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ መልሱን ጠበቀኝ። ያውም ስልክ ውስጥ ሆኖ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ስሜ አንጁሎ ነው። ላንቴ ውስጥ ሙዝ አለማለሁ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቻለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ግን ቀስ እያልኩም ቢሆን አነባለሁ። የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ጸሎት እወዳለሁ። ከመጠን በላይ ትወዳለህ የምትለኝ ሚስቴ ዘነበች ነበረች። "አንተ ለማዕድ ስትጸልይ ወጡ ይቀዘቅዛል" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለማዕዱ እጀምርና ለዝናቡ፣ ለታመሙት፣ መንገድ ላይ ላሉት፣ ለጎረቤታችን ላም ሳይቀር እጸልይና አሜን ስል ወጡ ቅባቱ ረግቶ ይጠብቀኛል። እሷም እየሳቀች መልሳ ታሞቀዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታሞቀው ኖረች።

ዘነበች ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ሆስፒታል ተኝታ፣ በቀን፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ እያለች ነው የሄደችው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ልጃችን ትዕግስት ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትሮጥ መጥታ ስትደርስ እናቷ ተሸፍናለች። ልጄ ያኔም፣ ከቀብር በኋላም፣ በሙት ዓመቷም የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "አባዬ፣ እማዬ በመጨረሻ ምን አለች?"

"እግዚአብሔርን አመሰገነች" እላታለሁ።

ይህችን መልሴን ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገሬ ተቀየረ። ዐይኔን ጨፍኜ መጸለይ አልቻልኩም። ጉባኤው በሙሉ ዐይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፍቶ ሲጸልይ እኔ ብቻ ዐይኔን አፍጥጬ ግድግዳውን አያለሁ። ዐይኔ የተገለጠ መሆኑን ያወቀብኝ ሽማግሌያችን ወንድም ጴጥሮስ ነው። በምን እንዳወቀ አትጠይቁኝ፤ የእሱም ተገልጦ ኖሯል ማለት ነው።

"አንጁሎ፣ ዣንጥላህን ሰው የሚወስድብህ መስሎህ ነው እንዲህ የምትጠብቀው?" አለኝ ስንወጣ።

"ዘመኑ ክፉ ነው፣ ወንድም ጴጥሮስ" አልኩት። ሳቅን። ሳቅ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ የቤት ጣሪያ እንኳ እንዲህ አይሸፍንም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደም ግፊት ነው ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ሰናይት የምትባል ረጋ ያለች ነርስ ክንዴን በጨርቁ ጠቅልላ ለካችኝና ግፊቱ ደህና ነው አለችኝ። ከዚያ ስለ ቤቴ ጠየቀችኝ። ስለ ቤቴ ስነግራት፣ ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች በየሐሙሱ ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ እየተሰበሰቡ ሥዕል እንደሚሥሉ፣ ጭቃ እንደሚያድበለብሉ፣ እንደሚዘምሩም ነገረችኝ። እሷ ናት የምትመራቸው። መጀመሪያ የምትቀልድብኝ መሰለኝ። ጠጉሬ ሸብቷል፤ እጄ መኮትኮቻና የሙዝ ግንድ እንጂ የቀለም እርሳስ አያውቅም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ሄድኩ።

ስምንት ነበርን። እኔ ዘነበችን ሣልኩ። ሣልኩ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ያየው ሁሉ ጎተራ ነው የመሰለው። አረንጓዴ ሻሿን አስራ በሙዙ መሃል ከፊቴ ስትሄድ፣ ከኋላዋ። እሷ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የምትሄደው፤ እኔ ዘገምተኛ ነኝ። በሚቀጥለው ሐሙስም ሣልኳት፤ ከኋላዋ። በሦስተኛውም፣ እስከ ስድስተኛውና መጨረሻው ሐሙስም እንደዚያው። ሻሹም አረንጓዴ፣ የሙዝ ቅጠሉም አረንጓዴ በመሆኑ የቡድኑን አረንጓዴ ቀለም ለብቻዬ ፈጀሁት። ከጎኔ የምትቀመጥ እማማ ወርቅነሽ የምትባል የሲቀላ በርበሬ ነጋዴ ነበረች፤ ወንድሟ ሞቶባት ነው የመጣችው። ምላሷም ከሸቀጧ አይተናነስም።

"አንተ ሰውዬ፣ አረንጓዴውን ጨረስክብን እኮ" አለችኝ። "ለመሆኑ ሚስትህ ፊት አልነበራትም?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ላንቴ ስመለስ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሳቄ አብሮኝ አልተሳፈረም። ዘነበች ፊት ነበራት። መታወቂያዋ ላይ አለ፤ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አውጥቼ በየቀኑ አየዋለሁ። ፊቷ አልጠፋብኝም። እጄ ነው ወደዚያ አልሄድም ያለው።

ሐሙሶቹ ካለቁ በኋላ ሲስተር ሰናይት ደወለችልኝ። አዲስ አበባ የምትማር ሜሮን የምትባል ልጅ አለች፤ ሥዕልና ዜማ ሐዘንተኛን ይረዳ እንደሆነ ታጠናለች፤ መንገዱ ስለራቀባት እዚህ አትመጣም፤ በስልክ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ትጠይቅሃለች፤ ፈቃደኛ ነህ ወይ አለችኝ። ፈቃደኛ ነኝ አልኩ። ሰው ሊጠይቅህ ሲፈልግ እንዴት እምቢ ይባላል?

ላንቴ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ሴቻ ትዕግስት ቤት ይሁን ተባለ። ልጄ ከፍታው ላይ ነው የምትኖረው፤ ደጃፏ ላይ ቆመህ ከታች ያሉትን ሁለት ሐይቆች ታያለህ። ስልኩን ከስኳር ጣሳ ጋር አስደግፋ አቆመችልኝ፣ ወንበሬን አስተካከለች፣ የሸሚዜን ኮሌታም አቀናችልኝ። ከዚያ አልወጣ አለች።

"አጠገብህ ልቀመጥ?"

"ብቻውን ይሁን ተብሏል።"

"እኔ ልጅህ እንጂ ሌላ ሰው ነኝ?"

"የጥናቱ ወረቀት ነው ያለው፣ ልጄ።"

ወረቀት ላይ ማሳበብ ደግ ነገር ነው፤ ወረቀት አይከራከርም። ወጣች። በሩን ስትዘጋ ግን ቀና ብላ አየችኝ። የእናቷ አስተያየት ነው። የምደብቀው ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የማታውቀው።

ሜሮን ስልኩ ላይ ብቅ አለች። መነጽር ያደረገች፣ የልጄ እኩያ ናት። መጀመሪያ ብዙ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ድምፅዎ ይቀዳል፣ ፈቃደኛ ነዎት? ካልፈለጉ መተው ይችላሉ፣ ገብቶዎታል? ስምዎ አይጻፍም፣ "ተሳታፊ ሰባት" ተብለው ነው የሚጻፉት፣ ይስማማዎታል? ተስማማሁ። እግዚአብሔር በስሜ ያውቀኛል፤ እሷ በቁጥር ብታውቀኝ ምን ይጎድልብኛል?

"በጸሎት እንጀምር?" አልኳት።

ትንሽ ግር አላት፤ ወረቀቷ ላይ የለም መሰል። ግን አንገቷን ደፋች። እኔ ዐይኔን ገልጬ ጸለይኩ። እየጸለይኩም ሰረቅ አድርጋ ስታየኝ ዐይን ለዐይን ተጋጨን። እሷ ደንግጣ ጨፈነች። አሳጠርኩላት።

"እሺ አባባ፣ ቡድኑ ውስጥ ያሳለፉት ጊዜ ምን ይመስል ነበር?"

ብድግ አልኩ። እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ተቀምጦ አይነገርም። ሽማግሌ ፊትም ስትናገር ትቆማለህ፤ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ስትሰጥም ትቆማለህ። ስለዚህ ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ብዙ ተናገርኩ። ከስር ድምፅ መጣ።

"አባባ፣ ይቅርታ፤ ቀበቶዎን ብቻ ነው የማየው።"

ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ስናገር ንግግሬ ያነሰብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ምስክርነቴን እንደ ወጉ ጨረስኩ፤ ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ጌታ አጽናናኝ፣ ሥዕሉም ረዳኝ፣ ዛሬ ደህና ነኝ። ምስክርነት መጨረሻው የታወቀ ነው። በድል ነው የሚያልቀው። "አሁንም በጨለማ ውስጥ ነኝ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም። አንተ ትጨርሳለህ፣ ጉባኤው አሜን ይላል፣ የሚቀጥለው ይነሳል።

ጨርሼ አሜን እስክትለኝ ጠበቅሁ።

ሜሮን አሜን አላለችም። ዝም ብላ አየችኝ። በክፋት አይደለም፤ ቀሪውን እንደሚጠብቅ ሰው። እኔ ደግሞ ቀሪ የለኝም። ማለት፣ አለኝ። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ያ ቀሪ ከሆዴ እየተነሳ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። እስካሁን እሱን ወደ ታች መልሶልኝ የኖረው የሰው አሜን ኖሯል።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች በመጨረሻ። "ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ሲጸልዩ ዐይንዎን አልጨፈኑም። ለምንድን ነው?"

በሩን አየሁ። ተዘግቷል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት።

የዘነበች እጅ በእጄ ውስጥ ነበር። እጸልይ ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ከልቤ፣ ጌታ ሆይ ማርልኝ እያልኩ። በመሃል እጄን ጨበጥ አደረገችኝና፣ "አንጁሎ፣ በቃህ፤ ዐይንህን ግለጥና እየኝ" አለችኝ። ሰማሁ። አልሰማሁም አልልም፤ ሰማሁ። ግን ጸሎት በመሃል ይቆረጣል? የምለምነው ስለ እሷ ነው፤ ብቆርጠው ልመናው የሚወድቅ መሰለኝ። ትንሽ ቆይ አልኩ በልቤ። ቀጠልኩ። አጥብቄ ቀጠልኩ። አሜን ብዬ ዐይኔን ስገልጥ ዘነበች እኔን እያየች ነበር። እጇ ይሞቃል። እሷ ግን የለችም።

እስከዚያ ድረስ ፊቴን እያየች ነበር። እኔ ግን አላየኋትም።

ይህን ስናገር ሜሮን ንቅንቅ አላለችም። እጇ አገጯ ላይ፣ ዐይኗ እኔ ላይ። ሐዘን ሲነገር የማይቁነጠነጥ ሰው አክባሪ ነው፤ የማን ልጅ ናት እንዲህ ያሳደጓት ብዬ ገረመኝ። አታቋርጥም፣ "አይዞዎት" አትልም፣ ሰዓቷን አታይም። ስለዚህ ያልነገርኳት የለም። ሥዕሉ ለምን ከኋላ እንደሆነ፣ እነዚያን ዐይኖች ለመሣል እጄ እምቢ እንዳለኝ፣ ለልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስዋሽ መኖሬን። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ አማርኛውን ትቼ በጋሞኛ ሆኗል የማወራው። በሕይወቴ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው የለም።

ከዚያ ስልኩ ጠቆረ። ቆይቶ መልሶ ጮኸ።

"አባባ፣ በጣም ይቅርታ፣ ኔትወርኩ ጥሎኝ ሄዶ ነው። እርስዎ ጋ ፊቴ ቆሞ ቀርቶ ይሆናል፣ ምንም አልሰማሁም። 'ዐይኔን ጨፍኜ' እስከሚሉት ድረስ ነው ያለኝ። ከዚያ እንቀጥል?"

እዩት እንግዲህ። ያንን ሁሉ ትዕግሥት፣ ያንን ሁሉ አክብሮት የሰጠኝ የተበላሸ ኔትወርክ ኖሯል። የማን ልጅ ናት ያልኩላት ፎቶ ናት።

"ጨርሻለሁ፣ ልጄ" አልኳት።

"ሊደግሙልኝ አይችሉም?"

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።"

አላስጨነቀችኝም። መተው መብትዎ ነው ብላ የቀሩትን ጥያቄዎች ጠየቀችኝ፤ እኔም መለስኩ። ስንሰነባበት በጸሎት ልዝጋ አላልኩም። ትዕግስት ገብታ ፊቴን አየችና ውሃ አመጣችልኝ። ጠጥቼ ቁልቁል ወረድኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ለእኔ ጥሩ ነበር። ግን የጥናት ሰዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ የተናገርከውን ጽፈው መልሰው ያሳዩሃል። ገበያ ላይ የተናገርከውን ሁሉ ጽፎ የሚያሳይህ ሰው ቢኖር አስቡት፤ ሲቀላ ላይ ሰው ሁሉ በምልክት ይነጋገር ነበር። ከወር በኋላ ሲስተር ሰናይት ስምንት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። አንብበው፣ ያልከው መሆኑን አረጋግጥና መልስልኝ አለች።

የእኔ ንባብ ለስምንት ገጽ አይሆንም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትዕግስት ላንቴ መጣች፤ በየሳምንቱ ምሳ ሠርታልኝ ትመለሳለች። ወጡን ከምድጃው አውርዳ፣ የተቀቀለውን የሽፈራው ቅጠል ከጎኑ አቅርባ፣ እጇን ስታብስ ወረቀቱን አየች። አልደበቅኩትም። ለምን እንዳልደበቅኩት ዛሬም አላውቅም።

"ላንብብልህ?"

"አንብቢልኝ።"

አነበበች። ቀበቶው ላይ ስትደርስ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። "ተሳታፊ ሰባት ይነሳል ይላል፣ አባዬ፤ ተጽፏል እኮ።" ምስክርነቱ ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀዘቀዘ፤ እሷም ወጉን ታውቀዋለች። ከዚያ ወደ ስድስተኛው ገጽ ዞረች።

"'እጇ በእጄ ውስጥ ነበር። እጸልይ ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ' ይላል።" ጣቷን ወደ ታች አወረደች። "ከዚያ በታች ባዶ ነው። በቅንፍ 'ድምፅ የለም' ይላል።" ገጹን ገለበጠችው፣ መለሰችው። "አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን አልክ?"

ወረቀት ላይ ማሳበብ ደግ ነገር ነው ብያችሁ ነበር። ይኸው ወረቀቱ ዞሮ ወደ እኔ አመለከተ።

ብዙ ማለት እችል ነበር። እግዚአብሔርን አመሰገነች ማለት እችል ነበር፤ ለምዶብኛል። ልጄን አየኋት። ያኔ በሩን ስትዘጋ ባየችኝ በዚያ በእናቷ አስተያየት እያየችኝ ነው። "ተቀመጪ" አልኳት። በጋሞኛችን፣ ካለችው ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ዐይኗን እያየሁ ነገርኳት።

ጨረስኩ። አሜን የሚል የለም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አመሰገነች አልከኝ።"

"አዎ።"

"ዋሸኸኝ።"

"አዎ።"

ተነስታ ሙዙ መሃል ገባች። ከኋላዋ አየኋት፤ ያው ስድስት ጊዜ የሣልኩት ጀርባ ነው፣ አረንጓዴ ሻሽ ብቻ ነው የጎደለው። የምትሄድ መሰለኝ። ብትሄድም እውነት አላት። አልጠራኋትም። ቅጠሉ መሃል ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ዐይኗ ቀልቷል።

"ልጅ እያለሁ፣ አንተ ስትጸልይ እኔ ዐይኔን ገልጬ ሰረቅ አድርጌ አያችሁ ነበር" አለች። "እማዬ ሁልጊዜ አንተን ስታይ ነበር የማገኛት። አንድ ቀን ለምን አትጨፍኚም አልኳት። 'አባትሽ ዐይኑ ከተገለጠ አይቀመጥልኝም፤ ወይ ሙዙ ጋ ነው ወይ ሰው ጋ። ደህና አድርጌ የማየው ሲጸልይ ነው' አለችኝ። ለአንተ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው።"

ሠላሳ ዓመት በጸሎት ሰዓት እግዚአብሔር ብቻ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህ የዚያችን ቀን ነገር ይሽረዋል አልላችሁም። እየኝ ብላኛለች፤ አላየኋትም። ይህ እስክሞት አብሮኝ ይኖራል። ግን ከጎኑ የሚቀመጥ ሌላ ነገር አገኘሁለት። ሜሮንም ጥናቷን ስትጽፍ ሥዕል ሐዘንተኛን ይረዳል ትበል አይረዳም ትበል አላውቅም። እኔ ብጠየቅ፣ እኔን የረዳኝ እሷ ያልሰማችው ቦታ ነው፤ ይህን ደግሞ እንዴት አድርጋ ትጽፈዋለች?

ትዕግስት እስክሪብቶ አወጣች። "ባዶው ላይ ምን ልጻፍላት?"

"ተዪው። ያልኩት ነው፣ ትክክል ነው ብለሽ መልሽላት።"

ጻፈች። ከዚያ ማዕዱን ወደ እኔ አስጠጋችና፣ "በል ጸልይ፤ ዛሬ ግን አሳጥር" አለችኝ። አሳጠርኩ። ለዝናቡም ለላሟም አልደረስኩም። ዐይኔን አልጨፈንኩም፤ እሷም አልጨፈነችም፤ እየተያየን አሜን አልን።

ጸሎቱ በዕድሜዬ ከጸለይኳቸው ሁሉ አጭሩ ነበር። ወጡ ግን ቀዝቅዞ ነበር።